አድሚራል ዪ ሱን-ሺን፦ ስለ ቤተሰቡና ስለ ኑሮው ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሴኡል የመጣ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ የሚነሳው ጓንግዋሙን አደባባይ ላይ ያለው ትልቁ ሐውልት ስር ነው፣ ከዛ ፎቶውን ይልክልኝና "ይሄ ሰይፍ የያዘው ሰውዬ ማነው?" ይለኛል። የኮሪያ ድራማ የሚያዩትም እንደዛው። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፣ እኔን የያዘኝ ግን ቤቱ ነው፣ እናቱ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ምክንያቱም ሰውዬው በጦርነቱ መሀል ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የጻፈው ማስታወሻ አለ፣ እሱን ያነበበ ሰው ሐውልቱን ድሮ እንደሚያየው አያየውም። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ወርና ቀን ስጠራ ደግሞ እሱ ራሱ በጻፈበት በጨረቃ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ።

ባጭሩ ማነው?

1545 ሴኡል ተወለደ (ያኔ ሃንሶንግ ነው የምትባለው)፣ 1598 ባህር ላይ ጦርነት መሀል ሞተ። 1592 የጃፓኑ ገዢ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ቻይናን እይዛለሁ ብሎ መጀመሪያ ኮሪያ ላይ ጦር አዘመተ፣ ቡሳን ላይ ከወረዱ በኋላ ዋና ከተማዋ ሶስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተያዘች፣ ንጉሥ ሶንጆም ወደ ሰሜን ሸሸ። በየብስ በኩል ሁሉ ነገር ሲፈርስ በባህር በኩል ግን ይሄ ሰው የጃፓንን መርከቦች እየሰባበረ ስንቃቸውን አቋረጠባቸው። በመራቸው የባህር ጦርነቶች አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፣ አንድም።

ስሙ እንዴት ነው የሚጠራው?

የቤተሰቡ ስም "ኢ" ነው፣ ፈረንጆቹ ዪ ብለው ስለለመዱት ነው እኛም እንደዛ የምንለው። ሱን-ሺን የራሱ ስም ነው። እዚህ ጋር የምወደው ነገር አለ፣ አባቱ ዪ ጆንግ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩት፣ ስም ሲያወጣላቸው ከጥንት የቻይና ደጋግ ነገሥታት ስም በተራ እየወሰደ መጨረሻው ላይ "ሺን" ጨመረበት፣ ሁይ-ሺን፣ ዮ-ሺን፣ ሱን-ሺን፣ ኡ-ሺን፣ "ሺን" ማለት የንጉሥ አገልጋይ፣ ሹም ማለት ነው። ስለዚህ የኛ ሰው ሶስተኛ ልጅ ነው፣ የስሙ ትርጉምም የደጉ ንጉሥ ሱን አገልጋይ እንደማለት። ድራማ ላይ የሚያምታታችሁ ሌላ ነገር ደግሞ፣ ከስሩ የሚዋጋ ሌላ መኮንን ነበረ እሱም ዪ ሱን-ሺን የሚባል፣ በኮሪያኛ ሲሰማ አንድ ነው በቻይና ፊደል ሲጻፍ ግን ይለያያል።

የሀብታም ልጅ ነበር?

ዘሩ የመኳንንት ነው ግን ቤቱ የደከመ ነበር። ልጅ እያለ ከሴኡል ለቀው እናቱ ዘመዶች አገር አሳን ገቡ፣ ከሴኡል ወደ ደቡብ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ አካባቢ የባንግን ቤተሰብ ልጅ አገባ፣ አማቱ ባንግ ጂን የቦሶንግ አስተዳዳሪ የነበረ ወታደር ነው፣ እና ልጁ ከመጽሐፍ ወደ ቀስትና ወደ ፈረስ የዞረው ከጋብቻው በኋላ ነው። ያኔ ክብር ያለው የቀለም ፈተና እንጂ የጦር ፈተና አይደለም፣ ስለዚህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። 1572 ፈተናውን ሲወስድ ፈረሱ ጣለው፣ እግሩ ተሰበረ፣ ተነስቶ የአኻያ ዛፍ ልጥ ልጦ እግሩን አሰረና ቀጠለ ይባላል፣ ወደቀ ግን። ያለፈው ከአራት ዓመት በኋላ 1576 ነው፣ ያኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቷል። ማለትም ይሄ የምናየው ጀግና የመጀመሪያ ስራውን ሲይዝ የሶስት ልጆች አባት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

ሚስቱስ? ስለሷ ለምን አይወራም?

እውነት ነው አይወራም፣ እሱም ብዙ አልጻፈም። ስለ እናቱ በየጊዜው ነው የሚጽፈው፣ ስለ ሚስቱ ግን ቦታ ቦታ ነው የምታገኙት። አገሬው የሚተርክላት ነገር አለ፣ ልጅ እያለች ሌቦች ቤታቸውን ከበው የአባቷ ቀስት ሲያልቅ የሽመና ዘንጎች እቅፍ አድርጋ አምጥታ "አባቴ ቀስት ይኸው" ብላ መሬት ላይ ጣለችው፣ ሌቦቹም ድምፁን ሰምተው ቀስት አለው ብለው ሸሹ ይባላል። ተረት ይሁን እውነት እንጃ ልላችሁ አልፈልግም፣ የሚተረከው እንደዚህ ነው።

የተረጋገጠው ግን ይሄ ነው። 1594 በስምንተኛው ወር መጨረሻ ሃንሳንዶ ደሴት ላይ ካምፑ ውስጥ እያለ ሚስትህ በጣም ታማለች የሚል ደብዳቤ ደረሰው፣ እንደውም እስካሁን ሳታልፍ አትቀርም ብሎ ፈራ። ያን ቀን የጻፈውን በራሴ አማርኛ ልመልሰው፦ የአገር ነገር እዚህ ደርሶ ስለ ሌላ ማሰብ አይቻልም፣ ግን ሶስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጄ እንዴት ሊኖሩ ነው። በማግስቱ በጠዋት ቁጭ ብሎ ዕጣ ጣለ፣ ትድናለች አትድንም ብሎ። አድሚራሉ፣ የመቶ መርከብ አዛዡ፣ ለብቻው ዕጣ ሲጥል። ዕጣው ደህና ወጣለት፣ እሷም ዳነች፣ ከሱም በኋላ ኖረች።

ስንት ልጆች ነበሩት?

ከባለቤቱ ሶስት ወንዶች፣ ህዌ፣ ዮልና ምዮን፣ እና አንዲት ሴት። ከሌላ ሴት የወለዳቸውም ነበሩ፣ ዘመኑ የሚፈቅደው ነው። ግን ቤቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የወንድሞቹን ልጆችም መቁጠር አለባችሁ። ሁለቱ ታላላቆቹ ቀድመው ሞቱ፣ ልጆቻቸው እሱ ላይ ወደቁ። 1589 ጆንግኡፕ የምትባል ቦታ አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሾም ሁሉንም ይዟቸው ሄደ፣ ያኔ ደግሞ ሹም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ከስራ የሚያባርር ጥፋት ነው፣ ሰዎች አሙት። እሱም አልቅሶ፣ ብዙ ሰው ይዘህ መጣህ ተብዬ ብቀጣ ይሻለኛል፣ መሄጃ የሌላቸውን ልጆች ግን አልጥልም አለ። ይሄን የጻፈው ከነዛው ልጆች አንዱ ነው፣ ዪ ቡን፣ አድጎ የአጎቱን ታሪክ ጻፈ። የወንድሞቹን ልጆች ከራሱ ልጆች ቀድሞ ይድር እንደነበርም ይነገራል። በነገራችን ላይ ከዛ ሁለት ዓመት በኋላ 1591 የባህር ኃይል አዛዥ ሆኖ ዮሱ ወደብ የተላከው የልጅነት ጎረቤቱ ርዩ ሶንግ-ርዮንግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኖ ስለደገፈው ነው።

ኤሊ መርከቡን እሱ ነው የፈጠረው?

ኤሊ መርከብ የሚባለው ጣራው እንደ ኤሊ ጀርባ የተሸፈነ የጦር መርከብ ነው። ስሙ ከሱ በፊትም አለ፣ 1413 አካባቢ መዝገብ ላይ ይገኛል። እሱና ና ዴ-ዮንግ የሚባል መኮንኑ አዲስ አድርገው ሰሩት፣ ጣራው ላይ ሹል ብረት የተተከለበት፣ ጠላት ዘሎ እንዳይሳፈር። መድፉን የሞከሩት ጃፓኖች ቡሳን ከመድረሳቸው አንድ ቀን በፊት ነው። አንድ ቀን! የቤተሰብ ጥያቄ ስላልሆነ በዚህ ልለፈው።

እናቱን በጣም ይወድ ነበር ይባላል፣ ምን ያህል?

ማስታወሻው ከሚጀምርበት ከ1592 ጀምሮ እናቱ አሉበት። የመጀመሪያዋ ቀን፣ የአዲስ ዓመት ቀን ነው፣ እዛችው ላይ ዓመት በዓልን ከእናቴ ርቄ ስውል ይሄው ሁለተኛዬ ነው ብሎ ይጀምራል። 1515 የተወለዱ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ጦርነቱ ሲከፋ ከአሳን አምጥቶ ዮሱ አጠገብ አስቀመጣቸው፣ በየጊዜው መልዕክተኛ እየላከ "እናቴ ደህና ናቸው ተባልኩ" ብሎ ይጽፋል፣ ካልሰማ ደግሞ "የእናቴን ወሬ አልሰማሁም፣ ጨንቆኛል"። ባህር ማዶ ሆናችሁ እናታችሁ ስልክ ካላነሱ ምን እንደሚሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ 1593 ላይ ነው፣ ከራሱ ላይ ሽበት ነቀለ፣ አስር ገደማ ፀጉር። ከዛ ጻፈ፣ ሽበት መሆኑ አይደለም የቸገረኝ፣ አሮጊት እናት ከኔ በላይ ስላሉኝ ነው ብሎ። ልጃቸው ሸምግሎ እንዳያዩ።

1594 የመጀመሪያው ወር ላይ ደግሞ ጥቂት ቀን አግኝቶ ሊያያቸው ሄደ። ሲደርስ ተኝተው ነበር፣ የሰዉ ጫጫታ ቀሰቀሳቸው። ትንፋሻቸው ደክሟል፣ የቀራቸው ጊዜ ትንሽ መሆኑ አስታወቀው፣ እንባውን ዋጠ። በማግስቱ ቁርስ በልቶ ሊሰናበት ሲል "ደህና ሂድ፣ የአገርን ውርደት አጥበህ ና" አሉት፣ ሁለቴ ሶስቴ ደጋግመው፣ አንዴም ስለ መለያየቱ አልተነፈሱም። ይሄን ሳነብ የኛ እናቶች ናቸው የመጡብኝ።

ታዲያ ለምን ታሰረ?

1597 መጀመሪያ ላይ ከጃፓን በኩል የሆነ ሰላይ "የጦር መሪያችን ካቶ ኪዮማሳ በዚህ በኩል ይሻገራል፣ ጠብቁት" የሚል ወሬ ለኮሪያ አቀበለ። ቤተ መንግሥቱ አምኖ ሂድና ያዘው አለው፣ እሱ ወጥመድ ነው ብሎ መርከቦቹን አላስገባም። ትእዛዝ ጣሰ ተባለ፣ ታስሮ ሴኡል ገባ፣ አንድ ወር ላልሞላ ጊዜ እስር ቤት ቆየ፣ ሞት ሊፈረድበት ነበር፣ ጆንግ ታክ የሚባል ሽማግሌ ሹም ለንጉሡ ጽፎ አተረፈው። ማዕረጉ ተገፎ እንደ ተራ ወታደር ዝመት ተብሎ ተለቀቀ።

አሁን እናቱ ጋ እንመለስ። ልጃቸው መታሰሩን ሲሰሙ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት ነው፣ ካላየሁት ብለው በመርከብ ከደቡብ ተነሱ። መንገድ ላይ መርከቡ ውስጥ አረፉ። እሱ ተፈትቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ አሳን ላይ እየጠበቃቸው ነበር፣ 4ኛው ወር 13ኛው ቀን ላይ መርዶው መጣ፣ ሮጦ ወጣ፣ ደረቱን እየመታ፣ ሰማይ ላይ ፀሐይዋ ጠቆረች ብሎ ጽፏል። ወደ ባህሩ ዳር ሲደርስ መርከቡ ቀድሞ ደርሷል።

በኮሪያ ወግ ወላጅ የሞተበት ሰው ሶስት ዓመት ሐዘን ይቀመጣል፣ ለአባቱ አድርጎታል፣ ስራውን ትቶ። ለእናቱ ግን አጅበው የሚወስዱት ሰዎች አጣደፉት፣ ቀብራቸው ሳይደርስ በስድስተኛው ቀን ተነሳ። በሰማይና በምድር መሀል እንደኔ ያለ ሰው አለ ወይ፣ ቶሎ ብሞት ይሻላል ብሎ ጻፈና መንገድ ጀመረ። እርሙን ሳያወጣ ማለት ይሄ ነው።

12 መርከብ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እሱን ተክቶ የተሾመው ዎን ግዩን 7ኛው ወር ላይ ቺልቾልርያንግ ላይ ከነ መርከቦቹ አለቀ። የተረፉት 12 ናቸው፣ እነሱም ቤ ሶል የሚባል አዛዥ ይዟቸው ስለሸሸ ነው። ሐዘንተኛው ሰው እንደገና ተሾመ። ንጉሡ ባህር ኃይሉን ተወውና በየብስ ተዋጋ ሲለው "አሁንም 12 መርከቦች አሉኝ" ብሎ መለሰ፣ ኮሪያ ውስጥ ህፃን ልጅ የሚያውቃት ዓረፍተ ነገር ናት። አንድ ተጨምሮ 13 ሆነው ጥቅምት 26 ቀን 1597 (ይሄን ብቻ በፈረንጅ ወር ነው የሰጠኋችሁ፣ ኦክቶበር) ምዮንግኒያንግ ላይ 133 የጃፓን መርከቦች ገጠሙ። ቦታው ጠባብ ሰርጥ ነው፣ ውሃው እያገሳ ነው የሚያልፍበት፣ አቅጣጫውንም በሰዓት ይቀይራል፣ ብዛት እዛ ውስጥ አይጠቅምም። መጀመሪያ ላይ የሱ መርከብ ብቻዋን ነው የተዋጋችው፣ ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩ፣ እሱም ከመርከቡ ጫፍ ላይ ቆሞ አንዱን አዛዥ "አን ዊ! በጦር ሕግ መሞት ነው የምትፈልገው? ብትሸሽስ የት ሄደህ ልትኖር ነው?" ብሎ ጮኸበት፣ ከዛ ገቡ። 31 የጠላት መርከብ እንደሰበሩ ራሱ ጽፏል።

ልጁ ምዮን እንዴት ሞተ?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ገጹን የከፈትኩት ለሱ ብዬ ነው ማለት ይቻላል።

ከምዮንግኒያንግ አንድ ወር ሳይሞላ፣ 10ኛው ወር 14ኛው ቀን ሌሊት ህልም አየ። ፈረስ ላይ ሆኖ ኮረብታ ሲሄድ ፈረሱ ተሳሳተና ወንዝ ውስጥ ወደቀ፣ አልተገለበጠም፣ የመጨረሻ ልጁ ምዮን የሚያቅፈው መሰለውና ነቃ። ምን ይሆን ብሎ ሲጨነቅ ዋለ። ማታ አንድ ሰው ከቤቱ የተላከ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ገና ሳይከፍተው ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ራሱ ዞረ። ውጪውን ሲገልጠው የሁለተኛው ልጁ የዮል እጅ ጽሑፍ ነው፣ ላዩ ላይ "ልቅሶ" የሚል ቃል አለበት። ምዮን እንደሞተ ያኔውኑ ገባው። ጃፓኖች አሳን ገብተው ነበር፣ ልጁ ሲዋጋ ነው የተገደለው፣ ሃያ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

ያን ማታ የጻፈው በማስታወሻው ውስጥ ከሁሉም ያማል። እኔ ሞቼ አንተ መኖር ነበር የሚገባው፣ አንተ ሞተህ እኔ ኖርኩ፣ እንዲህ ያለ የተገለበጠ ነገር የት አለ ይላል። ልጁን በ"አንተ" ነው የሚያናግረው፣ ወዴት ሄድክ ጥለኸኝ ይለዋል። በኔ ኃጢአት ነው ያንተ ዕድሜ ያጠረው ይለዋል። አብሬህ መሄድ እፈልግ ነበር ግን ወንድሞችህ እህትህ እናትህ የሚጠጉበት የላቸውም ይላል። መጨረሻው "አንዷ ሌሊት እንደ ዓመት ሆነችብኝ"።

ከዛስ? ከዛ አዛዥ ነው። ሰራዊቱ ፊት ማልቀስ አይችልም፣ የሱን ፊት እያየ ነው ሰው ሁሉ የሚውለው። ሁለት ቀን ቻለ። በሶስተኛው ቀን፣ 16ኛው ላይ፣ ነገ መርዶውን ከሰማሁ አራተኛ ቀኔ ነው፣ ልቤ እስኪወጣልኝ ማልቀስ አልቻልኩም ብሎ ጻፈና ተነስቶ ካንግ ማክ-ጂ የሚባል ጨው የሚያዘጋጅ ሰው ቤት ሄደ። በቃ። አድሚራሉ ልጁን ሊያለቅስ የተሸሸገው ጨው ሰሪ ቤት ነው። ከሶስት ቀን በኋላ ደግሞ ሲመሽ ከአፍንጫው ብዙ ደም ፈሰሰው ብሎ ጽፏል፣ ማታ ቁጭ ብሎ እያሰበ እያነባ።

እኛ አገር ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ጎረቤት ድንኳን ይጥላል፣ አልቃሽ ያስለቅስሃል፣ ሰው ሐዘኑን ብቻውን አይሸከምም። ለዚህ ነው ይሄ የጨው ሰሪው ቤት ከአእምሮዬ የማይወጣው። ደግሞ ያኔ የእናቱን ሐዘንም እየጠበቀ ነበር፣ ሥጋ አይበላም፣ እየከሳ ሲሄድ ንጉሡ ራሱ በ12ኛው ወር ሥጋ ልኮ "ብላ፣ ጦርነት ላይ ያለ ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል" የሚል ትእዛዝ ጻፈለት። ተቀበለ፣ ግን ሐዘኑ ይበልጥ እንደበረታበት ነው የጻፈው።

እሱስ እንዴት ሞተ? ቤተሰቡ አብሮት ነበር?

ነበር። 1598 ሂዴዮሺ ሞተ፣ ጃፓኖች ሊወጡ ነው። ዪና የቻይናው አድሚራል ቼን ሊን ኖርያንግ ሰርጥ ላይ መንገዱን ዘጉባቸው፣ 11ኛው ወር 19ኛው ቀን ንጋት ላይ በጥይት ተመታ። አጠገቡ ትልቁ ልጁ ህዌና የወንድሙ ልጅ ዋን ነበሩ። "ጦርነቱ ተፋፍሟል፣ መሞቴን ለማንም አትናገሩ" አለ። እነሱም ዋጡት፣ ዋን በአጎቱ ስም ትእዛዝ እየሰጠ ጦርነቱን አስጨረሰ፣ ሰዉ ያወቀው ከድሉ በኋላ ነው። እዩት እንግዲህ፣ እሱ ልጁን እንደደበቀው ልጁም አባቱን ደበቀ። ያ ዋን ደግሞ ጆንግኡፕ ላይ "ይዤ እሄዳለሁ" ካላቸው የወንድም ልጆች አንዱ ነው፣ 1627 ማንቹዎች ሲገቡ ኡይጁ ላይ እሱም ሲዋጋ ሞተ።

ማስታወሻው አሁን የት ነው?

ዘሮቹ አቆይተውት አሳን ይገኛል፣ "ናንጁንግ ኢልጊ" ይባላል፣ የጦርነት ጊዜ ማስታወሻ ማለት ነው፣ ስሙን ግን እሱ አላወጣውም፣ 1795 በንጉሥ ጆንግጆ ዘመን ጽሑፎቹ ሲታተሙ የተሰጠ ነው። በቻይና ፊደል በፍጥነት የተጻፈ ነው፣ የተሰረዘ የተደለዘ አለበት፣ በተለይ ሐዘኑ የበረታባቸው ቀኖች ላይ እጁ ይሮጣል። የመጨረሻው ቀን ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። ዩኔስኮ 2013 በዓለም ማስታወሻ መዝገቡ ላይ አስገብቶታል።

መጎብኘት ብፈልግ የት ልሂድ?

ጓንግዋሙን ፎቶውን ተነሱ፣ ሐውልቱ 1968 የቆመ ነው፣ 100 ዎን ሳንቲም ላይም ፊቱ አለላችሁ። ቹንቾን የቃኘው ሻለቃን መታሰቢያ ለማየት የምትሄዱ ወገኖች ደግሞ አንድ ቀን ጨምሩና አሳን ውረዱ፣ ከሴኡል በሜትሮ መስመር 1 ኦንያንግኦንቾን ጣቢያ ድረስ፣ ከዛ በአውቶቡስ ህዮንቹንግሳ፣ የሱ መታሰቢያ ቤተ መቅደስ ነው። ብዙው ሰው ቤተ መቅደሱን አይቶ፣ ሁለቱን ረጃጅም ሰይፎች አይቶ (ከሰው ይረዝማሉ፣ ወደ ሁለት ሜትር ናቸው) ይመለሳል። እናንተ አትመለሱ። ወደ ውስጥ ሂዱ፣ የድሮ ቤቱ አለ፣ ከሚስቱ ቤተሰብ ያገኘው፣ የውሃ ጉድጓዱ አለ፣ ቀስት ይለማመድበት የነበረው ቦታ ላይ ሁለት ትልልቅ የጊንጎ ዛፎች አሉ። ከዛ ትንሽ አለፍ ስትሉ አንድ መቃብር አለ፣ ሳር የለበሰ ጉብታ ነው። የምዮን ነው።